የኢንተርኔት መስመራችን ልኬትና የክፍያ ድርሻ፦ በረቂቅ ዕቅዱ ላይ የአባላት ውይይት

ጸሐፊ፦
በሕንፃችን ማኅበር ጉባኤ በተወሰነው መሠረት የተዘጋጀው ረቂቅ ይህ ነው። የ100 ሜጋ ቢት መስመራችንን ክፍያ ዘጠኙ ቢሮዎች በእኩል ማዋጣታቸው ቀርቶ፣ እያንዳንዱ በተጠቀመበት ልክ እንዲከፍል ታስቧል። የሕንፃውን መረብ ከውጭ ጋር በሚያገናኘውና በሚጠብቀው መሣሪያ፣ በፋየርዎሉ ላይ፣ ለየቢሮው የተለየ ቪላን (በአንዱ መረብ ውስጥ የተከለለ የራሱ መረብ) ስላለ፣ የየቪላኑን ቆጣሪ በኤስኤንኤምፒ (የመሣሪያዎችን ቆጣሪ ከሩቅ ለመጠየቅ በሚያገለግለው ደንብ) በየ5 ደቂቃው እያነበበ የሚመዘግብ አንድ ኮምፒዩተር ይበቃል። አንቀጽ 1፦ ልኬቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። አንቀጽ 2፦ ሒሳቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየወሩ በ30 ይዘጋል። አንቀጽ 3፦ የሥልጠና ማዕከሉ ባለሙያ ሥራውን ያለ ክፍያ ለመሥራት ቃል ገብተዋል፤ ኮምፒዩተሩንም ማዕከሉ ይሰጣል። አስተያየት እስከ ዓርብ ይጠበቃል።

የሕንፃ ንድፍ ቢሮ፣ 5ኛ ፎቅ፦
ይህ ረቂቅ በማን ላይ እንደ ተነጣጠረ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ባለፈው ጉባኤ መስመሩን ከሁሉ አብልጠው ይጠቀማሉ ተብሎ ስማችን ሲብጠለጠል ዝም ያልነው መልስ አጥተን አልነበረም። አገልግሎት ሰጪው የሚያስከፍለን በመስመሩ ፍጥነት እንጂ በወረደው ባይት ብዛት አይደለም፤ መስመሩን ሌሊቱን ሙሉ ብንሞላውም ባንነካውም ቢሉ ያው ነው። ስለዚህ ሁሉም ቤቱ ከገባ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፕላን የሚልክ ቢሮ ማንንም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መስመሩን የሚያጣብበው ነው። መለካት ካለበት የወሩ ድምር ሳይሆን ጫናው ይለካ። ትላልቅ መስመር አከራዮች የሚሠሩበት ስልት አለ፦ በ30 ቀን ውስጥ በየ5 ደቂቃው የተወሰዱት 8,640 ንባቦች በቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ከፍተኞቹ 5 ከመቶ፣ ማለትም የ36 ሰዓት ንባቦች ይጣላሉ፤ ከቀሩት ትልቁ ለክፍያ ይያዛል። ድንገተኛ ግርግር አያስቀጣም፣ ዘወትር የሚያጣብብ ግን አያመልጥም። ይህ በአንቀጽ 2 እንዲገባ እጠይቃለሁ።

የሥልጠና ማዕከል ባለሙያ፣ 3ኛ ፎቅ፦
አሠራሩን በምሳሌ ላስረዳ። ፋየርዎሉ ፍጥነትን አይነግረንም፤ የሚነግረን ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ በየኢንተርፌሱ (በየመስመሩ መግቢያና መውጫ) ያለፈውን የባይት ድምር ብቻ ነው። በሁለት ንባቦች መካከል፣ ማለትም በ300 ሰከንድ ውስጥ፣ ድምሩ በ1,500,000,000 ባይት ቢጨምር፣ በ8 አባዝተን ለ300 ስናካፍለው አማካዩ 40 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይሆናል። አሮጌው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ 4,294,967,295 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ስለሚመለስ፣ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ከተሠራበት 6 ደቂቃ ሳይሞላ ይዞራል፤ አንድ ንባብ ካመለጠ ሒሳቡ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ባለ 64 ቢቱን ቆጣሪ እንጠቀማለን፤ እርሱን ደግሞ የኤስኤንኤምፒ የመጀመሪያው ሥሪት አያነበውም። አስቀድሜ የማሳስበው አንድ ነገር፣ በየቢሮው ቪላን ላይ «ገቢ» ተብሎ የሚታየው ወደ ፋየርዎሉ የገባው፣ ማለትም ቢሮው ወደ ውጭ የላከው ነው፤ «ወጪ» የሚለው ደግሞ ቢሮው ያወረደው ነው። ግራፉ ተገልብጧል የሚል ክርክር እንዳይነሣ።

የሕግ ቢሮ፣ 4ኛ ፎቅ፦
ደንበኞቻችን የትኛውን ድረ ገጽ እንደምንከፍት በጎረቤት ኮምፒዩተር እንዲመዘገብ አልፈቀዱልንም። ዋስትናው በጽሑፍ ይስፈር።

የሥልጠና ማዕከል ባለሙያ፣ 3ኛ ፎቅ፦
ኤስኤንኤምፒ ባይት ይቆጥራል እንጂ ማን ምን እንደ ከፈተ አያውቅም። ይህን የሚያሳየው ኔትፍሎው የሚባለው ሌላ አሠራር ነው፤ እርሱን አናበራም። የኤስኤንኤምፒ ሥሪት 2ሲ መጠየቂያ ቃሉን ሳይመሰጥር ስለሚልክ፣ ብዙ መሣሪያም «ፐብሊክ» በሚለው ቃል እንደ ተተወ ስለሚኖር፣ በተጠቃሚ ስምና በምስጠራ የሚሠራውን ሥሪት 3 እተክላለሁ፤ ጥያቄው የሚገባበት የዩዲፒ 161 በርም ለመዝጋቢው ኮምፒዩተር ብቻ ይከፈታል፣ በውጭ በኩል ዝግ ይሆናል።

የጉዞ ወኪል፣ 2ኛ ፎቅ፦
አንቀጽ 2 «በየወሩ በ30 ይዘጋል» ይላል። ጳጉሜን የት ገባች? ነሐሴ 30 ከተዘጋና መስከረም 1 አዲስ ሒሳብ ከተከፈተ፣ በመካከል ያሉት ቀናት ለማንም አልተጻፉም። ይህ ሳይስተካከል ረቂቁ ጉባኤ ሊቀርብ አይገባም።

ገንዘብ ያዥ፦
ኪራይ በጳጉሜን አይከፈልም፣ ደመወዝም አይከፈልም። ይህም እንደዚያው ይታለፍ።

የሕግ ቢሮ፣ 4ኛ ፎቅ፦
ኪራይ የማይከፈለው ወሩ በ30 ቀን ስለ ተዋዋልን ነው። ቢሉ ግን በአውሮፓውያን ወር የሚመጣ በመሆኑ የጳጉሜን ቀናት በሴፕቴምበር ቢል ውስጥ ታስበው ተከፍሎባቸዋል። ማኅበሩ ከፍሎ አባላቱን አለማስከፈሉ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ የጉባኤ ውሳኔ ይፈልጋል።

ካፌ፣ ምድር ቤት፦
እንግዲያው ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁንና ይለቅ።

የጉዞ ወኪል፣ 2ኛ ፎቅ፦
በገዛ አገራችን፣ በገዛ ሕንፃችን፣ ከማኅበራችን ደንብ ወጥተን? ደንቡ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ እባክዎ ያንብቡት።

የሥልጠና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣ 3ኛ ፎቅ፦
ማዕከላችን በጳጉሜን ዝግ ነው። የእንቁጣጣሽ መንገደኛ ሲያስተናግድ ሌት ተቀን የሚሠራው የጉዞ ወኪሉ ነው፤ የጳጉሜን ፍጆታ ለዘጠኝ ከተከፈለ የእርሳቸውን ቲኬት እኛ ቆረጥን ማለት ነው። ለመቆርቆራቸው ምክንያቱ አቆጣጠሩ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የጉዞ ወኪል፣ 2ኛ ፎቅ፦
እኔ ቀናቱ ይቆጠሩ አልኩ እንጂ ይታለፉ አላልኩም፤ ይታለፉ ያሉት ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ተማሪዎቻቸው በእረፍት ሰዓት ኳስ ሲያዩ የተጣበበውን መስመር ለዓመታት በእኩል የከፈልኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከሥራ አስኪያጁ አልጠብቅም ነበር።

የሒሳብ ቢሮ፣ 1ኛ ፎቅ፦
የምትከራከሩበት ነገር ከዓመቱ 2 ከመቶ አይሞላም። ትልቁ ስሕተት አንቀጽ 1 ላይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሐምሌ የእኛ የሥራ ወር ነው፤ ልኬቱን በእኛ ወር ጀምሮ ያንን ለዓመቱ ድርሻ መነሻ ማድረግ ፍትሕ አይደለም።

የሕንፃ ንድፍ ቢሮ፣ 5ኛ ፎቅ፦
ስለ ጫና ልኬት ያቀረብኩት ሐሳብ እስካሁን አንድም መልስ አላገኘም።

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 2። ልኬቱ መስከረም 1 ይጀምራል። ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ተደምራ፣ ነሐሴ የ35 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ የ36 ቀን ሒሳብ ይሆናል። የሥልጠና ማዕከሉ ባለሙያ ኮምፒዩተሩን እስከ ማክሰኞ ያስረክቡ።

የሕግ ቢሮ፣ 4ኛ ፎቅ፦
የንድፍ ቢሮው ስልት በ8,640 ንባብ ላይ የቆመ ነው። በ35 ቀን ወር 10,080 ይሆናል፤ የሚጣለውም ከ36 ወደ 42 ሰዓት ያድጋል። ይህ የነሐሴን ከፋይ ይጠቅማል።

የጉዞ ወኪል፣ 2ኛ ፎቅ፦
ስለዚህ ጳጉሜን ራሷን ችላ ትቁም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ናትና።

ገንዘብ ያዥ፦
ለአምስት ቀን ዘጠኝ ደረሰኝ አልጽፍም። ይህንን በመዝገብ ያዙልኝ።

የሒሳብ ቢሮ፣ 1ኛ ፎቅ፦
መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ቆጣሪው ከዜሮ እንደሚጀምር ተነግሮናል። ትናንት ከቀትር በኋላ ደረጃው ሥር ካለው ካቢኔት ፊት ቆሜ አይቻለሁ፦ መብራቱ ሄደ፣ የፋየርዎሉ አረንጓዴ መብራቶች አንድ ላይ ጠፉ፣ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ እስኪይዝ ድረስ ሁሉም ነገር ጨለማ ነበር። ከመጨረሻው ንባብ በኋላ የወረደው ባይት በማን ስም ይጻፋል?

የሥልጠና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣ 3ኛ ፎቅ፦
ባለሙያችን ለጊዜው በሌላ ሥራ ላይ ስለሆኑ እኔ እመልሳለሁ። ፋየርዎሉ ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው በዚያው በኤስኤንኤምፒ ስለሚነበብ፣ ቆጣሪው ከዜሮ መጀመሩ ይታወቃል፤ የሚጠፋው ቢበዛ የ5 ደቂቃ ያህል ንባብ ነው። ለማስቀረት ከተፈለገ ግን አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ይበቃል።

ካፌ፣ ምድር ቤት፦
ዩፒኤስ ካለ የካርድ መክፈያ ማሽኔም በመብራት መቆራረጥ አይቋረጥም። እደግፋለሁ። በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ የሚረባ ነገር የሰማሁት አሁን ነው።

የሒሳብ ቢሮ፣ 1ኛ ፎቅ፦
እኔም እደግፋለሁ። የየወለሉን ኮምፒዩተሮች የሚያገናኙት ስዊቾችም ከእርሱ ጋር ይያያዙ፤ ፋየርዎሉ ብቻውን ቢበራ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

የጉዞ ወኪል፣ 2ኛ ፎቅ፦
ቲኬት እየቆረጥን መስመር ሲጠፋ መቀመጫው ለሌላ ይሄዳል። ዩፒኤሱ ቅድሚያ ይሰጠው፤ ትልቅ ባትሪ ያለው ይሁን። ከሥራ አስኪያጁ ጋር የነበረው ነገርም እዚህ ላይ ያብቃ።

የሥልጠና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣ 3ኛ ፎቅ፦
ይብቃ። እኔም በቲኬቱ ነገር አብዝቻለሁ።

የሕንፃ ንድፍ ቢሮ፣ 5ኛ ፎቅ፦
ዩፒኤሱን አልቃወምም። ነገር ግን የተነሣንበት የክፍያ ድርሻ ጉዳይ የት ደረሰ? ልኬት ሳይኖር ስማችን ተነሥቷል፤ አሁን ልኬቱ ሊቀር ሲል ስማችን እንደ ተነሣ ሊቀር ነው። ቢያንስ የአንድ ወር ንባብ ተወስዶ ግራፉ ለሁሉም ይታይ።

ገንዘብ ያዥ፦
መዝጋቢው ኮምፒዩተር ማክሰኞ አልመጣም፣ ዛሬም አልመጣም። ለባለሙያው ደውዬ አላነሡም። ማዕከሉን ስጠይቅ ኮምፒዩተሩ ለተማሪዎች ክፍል እንደ ተመደበ ተነግሮኛል። የፋየርዎሉ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃልም በእኚሁ ባለሙያ እጅ ብቻ ነው ያለው።

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 3። አንቀጽ 1፦ ማኅበሩ ፋየርዎሉንና የየወለሉን ስዊች የሚይዝ ዩፒኤስ በእኩል መዋጮ ይገዛል። አንቀጽ 2፦ የጳጉሜን ቀናት ከነሐሴ ጋር ይደመራሉ። አንቀጽ 3፦ ልኬቱ ሲጀመር ለጊዜው በውጭው መስመር ኢንተርፌስ ላይ ብቻ ይሆናል፤ ዓላማውም የምንከፍልበትን 100 ሜጋ ቢት በእርግጥ ማግኘታችንን ማረጋገጥ ነው። የየቢሮው ድርሻ ለቀጣይ ጉባኤ ይተላለፋል።

የሕግ ቢሮ፣ 4ኛ ፎቅ፦
የየቢሮው ሒሳብ ከቀረ አንቀጽ 2 የሚደምረው ምንም ነገር የለም። ይሰረዝ።

የጉዞ ወኪል፣ 2ኛ ፎቅ፦
አይሰረዝም። ተከራክረን የያዝነው እርሱን ብቻ ነው።

የሕንፃ ንድፍ ቢሮ፣ 5ኛ ፎቅ፦
ያለ አንድ ወር ንባብ አልፈርምም።

ገንዘብ ያዥ፦
ለዩፒኤሱ የሦስት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ ሰብስቤአለሁ፤ ዋጋው የሚጸናው እስከ ሰኞ ነው። መዋጮውን ካፌውና የሒሳብ ቢሮው ከፍለዋል፤ ሌሎቻችሁ ከሰኞ በፊት አስገቡ። የይለፍ ቃሉን ያገኘ ያሳውቀኝ።