የሪታን አነጋገር በአማርኛ እንዴት ልለውጠው?

የዊሊ ራስልን «ኤዱኬቲንግ ሪታ» የተሰኘ ተውኔት (1980) ለክፍል ልምምድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሪታ የ26 ዓመት የሊቨርፑል ፀጉር ሠሪ ናት፤ አፏ ላይ የመጣላትን ነው የምታወራው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን የቤት ጓደኛዋን የትሪሽን ምክር ሰምታ ድምጿን አሳምራ ትመጣለች። መምህሯ ፍራንክ ግራ ይገባዋል።

እኔም እዚሁ ላይ ተጣበቅሁ። መጀመሪያ የገጠር ዘዬ ሰጠኋት፤ ልምምድ ላይ ሁሉም ሳቀባት። ደግሞስ ሪታ ከተሜ አይደለችም እንዴ? ቀጥሎ የአራዳ ቋንቋ ሞከርኩ፤ የሰፈር ጎረምሳ መሰለች። የተለወጠውን አነጋገሯን በመጽሐፍ አማርኛ ጻፍኩት፤ ዜና አንባቢ ሆና አረፈች። አሁን የቀረኝ ፍራንክን «አንተ» ከማለት ወደ «እርስዎ» ማሻገር ነው፤ እሱም የራቀችው ያስመስላል።

ሳይሳቅባት ለውጧ ለተመልካች ጆሮ እንዲሰማ በምን ላሳየው?