ባዮሎጂ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ የመምህርነት ስራ አጣሁ፣ ምን ላርግ?

ባዮ 2015፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው ይቅርታ፣ ግን በዚ ጉዳይ የማወራው ሰው ስላጣሁ ነው እዚ የምፅፈው። በ2015 በአፕላይድ ባዮሎጂ ነው የተመረቅኩት፣ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠበት ዓመት ማለት ነው፣ ከተፈተነው ሰው ወደ 40 ፐርሰንቱ ብቻ ባለፈበት አልፌ ነው የወጣሁት፣ ቤተሰብም በቃ ፈተናውን ካለፈች ስራው የሷ ነው ብሎ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መምህር መሆን ነው የምፈልገው፣ ላብ ወይ ፋርማ ካልሆነ ብዬ አላውቅም። ዩንቨርስቲ እያለሁም ክረምት ክረምት የሰፈር ልጆች ሰብስቤ አስጠና ነበር።

ከደሴ መጥቼ ሰሚት አክስቴ ጋር ነው ያለሁት። ረቡዕና እሁድ ሪፖርተር ላይ የወጣውን አያለሁ፣ ሳምንት አንዴ አራት ኪሎ የስራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ እሄዳለሁ፣ ቴሌግራም ላይ ያሉትን የስራ ቻናሎች ሁሉ ተቀላቅያለሁ። ሁሉም ቦታ ሁለት ዓመት ልምድ ይላል። ዜሮ ዓመት የሚል ሲወጣ ደግሞ ወይ ሂሳብ ነው ወይ እንግሊዝኛ፣ ባዮሎጂ ሲገኝ አንድ ሰው ነው የሚፈልጉት፣ ለዛ አንድ ቦታ ግቢው ውስጥ ተሰልፈን የነበርነውን ብታዩ ለዳይሬክተሩም አዘንኩለት። ባለፈው ሐምሌ ከጎሮ ጀምሬ እስከ አያት በእግሬ እየሄድኩ ያገኘሁት የግል ት/ቤት ሁሉ በር ላይ ሲቪ ሰጥቻለሁ፣ አብዛኛውን ጥበቃዎቹ ናቸው የሚቀበሉት፣ ከዛ ማን እጅ እንደሚገባ እግዜር ይወቅ። ለኮፒና ለታክሲ ያወጣሁትን አክስቴ ፊት መቁጠር ራሱ ያሳፍረኛል።

ሶስት ቦታ ዴሞ፣ ማለትም የሙከራ ትምህርት፣ ተጠርቼ አስተምሬያለሁ። ሁለቱ እንደውልልሻለን ብለው ቀሩ። ሶስተኛው ግን ጥሩ ነሽ ብሎኝ ሲያበቃ የመጀመሪያውን ወር ያለ ክፍያ ትሰሪና እናይሻለን፣ ኦርጅናል ዲግሪሽንም ታስይዣለሽ አለኝ። አስቤበት ልምጣ ብዬ ወጣሁ፣ እስካሁን እያሰብኩ ነው። እናንተ ብትሆኑ ትገቡ ነበር? ፒጂዲቲ፣ ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የመምህርነት ዲፕሎማ፣ ልማር የሚለውም አለ፣ ወይስ ኬጂ ረዳት ሆኜ ልግባ? ወይስ ወደ ወሎ ተመልሼ ወረዳ ልሞክር? በናታችሁ ያለፈበት ሰው ይምከረኝ።

ቲቸር ከወረዳ፦
እህቴ መጀመሪያ አይዞሽ። እኔ ገጠር ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው፣ ኬሚስትሪ። ወረዳ ልሂድ ላልሽው እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛ ጋ የጠፋው የፊዚክስና የሂሳብ መምህር ነው፣ ባዮሎጂ ግን እዚም ብዙ ነው፣ እኛ ት/ቤት ከባዮሎጂ መምህራን አንዱ ትርፍ ሆኖ ስፖርት እያስተማረ ነው። ሌላው ደግሞ ክልላችን ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለበትን ሁኔታ ታውቂያለሽ፣ ስንት ት/ቤት ተዘግቷል፣ ያለውም መምህር ባለበት ተቀምጦ ነው፣ አዲስ ቅጥር ቶሎ ይወጣል ብለሽ ትራንስፖርት አታውጪ፣ መጀመሪያ ዞን ትምህርት መምሪያ የሚያውቅ ሰው አስጠይቂ። ሰላም ሆኖ ቢሆን ኖሮ ነይ ነበር የምልሽ፣ ምክንያቱም የገጠር ልጅ አንድ ነገር ሲገባው ፊቱ ላይ የምታይው ነገር ሌላ ቦታ አይገኝም።

የመንግስት ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለዲግሪ ጀማሪ 11,500 ይገባል ስለተባለ ደግሞ የመንግስት ቅጥር ፉክክሩ ይብሳል እንጂ አይቀንስም፣ እስካሁን ግል ት/ቤት የነበሩትም ይመጣሉ።

ሜሪ የሂሳቧ፦
እኔ ያለ ክፍያ የሚለውን ገብቼ ነው ስራ ያገኘሁት፣ ስለዚ አትግቢ ልልሽ አልችልም። 2014 ላይ ነው፣ አንዲት መምህርት ወልዳ እረፍት ወጥታ እሷን ተክቼ አንድ ወር ከምናምን ቀን ሰራሁ፣ ታክሲዬን ብቻ ነበር የሚሰጡኝ፣ ከዛ ስትመለስ ሌላ ክፍል ከፍተው ቀጠሩኝ። ያቺ ወር ባትኖር እስካሁን ቤት ነበርኩ ብዬ ነው የማምነው። ማን ያውቃል አንቺም እንደዛ ይሆንልሻል። ኦርጅናሉን ግን በጭራሽ እንዳትሰጪ! ጓደኛዬ ሰጥታ ዓመቱ መሀል ላይ የተሻለ ስታገኝ ዲግሪዋን ለማስመለስ ሁለት ወር ለምናለች፣ ያገኘችውም ስራ በዛ ምክንያት አመለጣት።

ሰራተኛና ህግ፦
ሜሪ አንቺ ስለተሳካልሽ ደስ ይላል ግን ይሄ ነገር ለሌላው ምክር ሆኖ መሰጠት የለበትም፣ በጣም ነው የማዝነው እንደዚ ሲባል። የግል ት/ቤት መምህር በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ነው የሚተዳደረው፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። እዛ ላይ የሙከራ ጊዜ አለ፣ ከ60 የስራ ቀን አይበልጥም፣ እና በሙከራ ላይ ያለ ሰራተኛ ሙከራውን እንደጨረሰው ሰራተኛ መብት አለው፣ ደመወዙን ጨምሮ። ስለዚ ነፃ ወር የሚባል ነገር የለም። ት/ቤቱ ሊሞክርሽ ከፈለገ 60 ቀን አለው፣ እየከፈለ ይሞክርሽ።

አንድ ሰው እሺ ሲል ደግሞ ከኋላ ያለው ሁሉ እሺ እንዲል ይገደዳል። መስከረም ላይ በነፃ አንድ፣ ጥቅምት ላይ በነፃ ሌላ እየቀያየሩ የሚሰሩ አሉ፣ ልጆቹ በሁለት ወር ውስጥ ሶስት መምህር ያያሉ፣ ክፍያውን ግን ወላጅ ሙሉ ነው የሚከፍለው።

ባዮ 2015 ስትቀጠሪ እነዚን ጠይቂ። ውሉ የ10 ወር ነው የ12፣ ማለትም ሐምሌና ነሐሴ ይከፈላል ወይ፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳይጠይቅ ፈርሞ ክረምት ላይ ነው የሚደነግጠው። ጡረታ ይቆረጣል ወይ፣ ካንቺ 7 ፐርሰንት ከነሱ 11 ፐርሰንት ነው መግባት ያለበት። ግብር በትክክለኛው ደመወዝሽ ነው ወይ የሚከፈለው፣ ምክንያቱም ነገ መንግስት መ/ቤት ስትወዳደሪ ግብር ያልተከፈለበት የስራ ልምድ ወረቀት አንቀበልም ሊሉሽ ይችላሉ፣ ሁለት ዓመት ለፍተሽ ዜሮ ዓመት ሆነሽ ትመለሻለሽ። ስትለቂም የስራ ልምድ የምስክር ወረቀት መስጠት ግዴታቸው ነው፣ በነፃ።

የድሮ ዩኒት ሊደር፦
ልጄ፣ እኔ 22 ዓመት አስተምሬ ዘጠኙን ዓመት በዩኒት ሊደርነትና በምክትል ዳይሬክተርነት የግል ት/ቤት ነው ያሳለፍኩት፣ ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩና ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ስላለ ነው።

ነሐሴ ላይ ሲቪ ይከመራል። እውነቱን ለመናገር ሁሉም አይታይም። ጥበቃ ጋ የቀረው ቢሮ አይደርስም፣ ቢሮ የደረሰውም መጀመሪያ የሚነሳው የምናውቀው መምህር ይቺ ልጅ ጎበዝ ናት ብሎ ያመጣው ነው። ዘመድ ስለሆነ አይደለም ሁሌ፣ ት/ቤት ከሁሉም በላይ የሚፈራው መስከረም ላይ ቀጥሮት ኅዳር ላይ ጥሎ የሚሄድ መምህር ነው፣ ወላጅ ይጮሃል፣ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፣ ስለዚ ዋስ የሚሆን አፍ ይፈልጋል። ሁለት ዓመት ልምድ የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ሲቪ ብዛት እንዲቀንስ ነው እንጂ ዜሮ ዓመት ቀጥረን እናውቃለን፣ በየዓመቱ።

መቼ ነው የምንቀጥረው ካልሽኝ፣ ጥር ነው! የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ሁለተኛው ሳይጀመር መምህር ይለቃል፣ አንዱ መንግስት ያገኛል፣ አንዱ ኤንጂኦ፣ አንዱ ውጭ ይሄዳል፣ አንዷ ትወልዳለች። ያኔ ሲቪ የሚያመጣ የለም፣ ስራ ፈላጊው ሁሉ ነሐሴና መስከረም ላይ ተሟጦ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ገብቷል። እኛ ደግሞ ሰኞ ክፍል የሚገባ ሰው አጥተን ስልክ እንደውላለን። ጥር ላይ በር ያንኳኳ ዜሮ ዓመት ልጅ በዛው ሳምንት ክፍል ሲገባ አይቻለሁ። ስለዚ ነሐሴ ላይ ካልሆነልሽ ዓመቱ አለቀ ብለሽ አትቀመጪ።

ሌላው ባዮሎጂ ብቻ አትበይ። አዲሱ ስርዓተ ትምህርት ሲመጣ 7ኛና 8ኛ ላይ ባዮሎጂ ኬሚስትሪ ፊዚክስ ለየብቻ መሆኑ ቀርቶ ጠቅላላ ሳይንስ ሆኗል። ድሮ ለሶስት መምህር የነበረው ፔሬድ አሁን ለአንድ ወይ ለሁለት ነው፣ የናንተ ገበያ የጠበበበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው ብዬ ነው የማስበው። ግን ለሚዘጋጅ በር ነው። ሲቪሽ አናት ላይ ጠቅላላ ሳይንስ ከ7–8፣ ባዮሎጂ ከ9–10 ብለሽ ፃፊ። የባዮሎጂ ተመራቂ ፊዚክሱን ክፍል ሳትፈራ ካስተማረች ኮሚቴው ወዲያው ነው የሚያያት።

ፒጂዲቲ ጥሩ ነው፣ በአፕላይድ የተመረቀ፣ መምህርነት ያልተማረ ሰው መንግስት ሁለተኛ ደረጃ ልግባ ሲል ይጠየቃል፣ የማስተማር ዘዴም ያስይዛል። ግን ስራ ሳይኖርሽ ከአክስትሽ ገንዘብ ተበድረሽ አትጀምሪው፣ ከገባሽ በኋላ በክረምት ወይ ቅዳሜና እሁድ የሚሰጥበትን አጣሪ። ኬጂ ረዳትነት ስራ ነው፣ ክብርም አለው፣ ግን የባዮሎጂ ልምድ ሆኖ አይፃፍልሽም፣ ይሄን አውቀሽ ግቢ።

ያለ ክፍያ ያሉሽ ቦታ አትመለሺ። እኔ እዛ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለማውቅ ነው፣ መምህሩን ከመጀመሪያው ቀን እንደዚ የሚያይ ት/ቤት በኋላም አይሻሻልም።

ባዮ 2015፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሳነበው አልቅሻለሁ እውነቴን ነው። ያ ቦታ ደውዬ አልመጣም ብያቸዋለሁ። ሜሪ አንቺንም ተረድቼሻለሁ፣ አማራጭ ሲጠፋ ሰው ምን ያርጋል፣ እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ ልገባ ነበር ሳስብ የነበረው።

ጋሼ እርስዎ ያሉኝን ዛሬውኑ ሲቪዬ ላይ አስተካክዬ ለዩንቨርስቲ ጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ፣ አንዷ የምታስተምርበት ት/ቤት ለ7ኛ ጠቅላላ ሳይንስ ሰው ይፈልጋሉ ብላ ወስዳ ሰጠችልኝ፣ ሐሙስ ዴሞ ነይ ተብያለሁ! ግን ርዕሱን ራሳቸው ነው የሰጡኝ፣ ፎርስ (ጉልበት) ነው፣ 20 ደቂቃ፣ በእንግሊዝኛ። ሴል ቢሆን ኖሮ ተኝቼም አስተምረው ነበር። ያለፉት ሁለት ዴሞዎች ላይ ምን እንዳጠፋሁም አላውቅም፣ ማንም አልነገረኝም። ሌሰን ፕላኑን በደንብ ሰርቼ ነበር፣ ሰሌዳውንም ሞልቼ ነበር።

የድሮ ዩኒት ሊደር፦
ሰሌዳውን ሞልቼ ያልሽው ነው ያጠፋሽው ይመስለኛል። ዴሞ ላይ ኮሚቴው እውቀትሽን አይደለም የሚያየው፣ እሱን ዲግሪሽና ፈተናሽ ይናገራል። የምናየው ፊትሽ ወደ ልጆቹ ነው ወይ ወደ ሰሌዳው፣ ኋላ የተቀመጠው ልጅ ድምፅሽ ይደርሰዋል ወይ፣ አንድ ልጅ ተሳስቶ ሲመልስ ምን ትያለሽ። ጀማሪ ሁሉ ጎበዙን ልጅ አስመልሶ ያልፋል። አንቺ የተሳሳተውን ያዢውና ለምን እንደዛ እንዳሰበ ጠይቂው፣ ከዛ ራሱ እንዲያርመው አድርጊ፣ ያቺን ሰዓት ነው እኛ እርስ በርስ የምንተያየው።

ለፎርሱ ትርጉም ፅፈሽ አትጀምሪ። ወንበሩን ግፊው፣ ቦርሳሽን ጎትቺው፣ ፑሽ የቱ ነው ፑል የቱ ነው ብለሽ ጠይቂ፣ ሁለት ልጅ አስነሺና በሩን እንዲከፍቱና እንዲዘጉ አድርጊ። ከዛ መፅሀፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና ቀስ ብለሽ ግፊው፣ እጅሽን ስታነሺ ይቆማል፣ ማን አቆመው በይ። ዝም ይላሉ። ዝምታውን ቶሎ አትሙይው፣ አምስት ስድስት ሰከንድ ቁጠሪ፣ አንዱ ጠረጴዛው ይላል። ፍሪክሽን (ሰበቃ) የሚለውን ቃል ያኔ ብቻ ፃፊው። ለ20 ደቂቃ ይሄ ይበቃል፣ ፎርሙላ ውስጥ አትግቢ። ስትጨርሺ ለኮሚቴው ሌሰን ፕላንሽን ሁለት ኮፒ ስጪ፣ ደመወዝና ክረምት ክፍያ ግን ትፈለጊያለሽ ካሉሽ በኋላ ነው የምትጠይቂው፣ ከዛ በፊት አይደለም።

ቲቸር ከወረዳ፦
ጋሼ ያሉት ላይ አንድ ልጨምር፣ እንግሊዝኛው እንዳያስፈራሽ፣ አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሪ፣ አምታተሽ የሸመደድሽውን ከምትይ ቀላሉን ድምፅሽን ከፍ አርገሽ በይው። እና ረቡዕ ማታ አክስትሽ ፊት ቆመሽ ሙሉ 20 ደቂቃውን ሰዓት ይዘሽ ልምምድ አድርጊ፣ በልብሽ ብቻ ከሆነ በስምንት ደቂቃ ትጨርሺያለሽ፣ እኔ የደረሰብኝ ነው።

ሜሪ የሂሳቧ፦
የቱ ሰፈር ነው ት/ቤቱ? ሰሚት አካባቢ ከሆነ ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ ክፍት ነኝ፣ እንደ ተማሪ ተቀምጬ እያጠፋሁ መልስ እመልስልሻለሁ፣ ኢንቦክስ አርጊኝ።

ባዮ 2015፦
ሜሪ ኢንቦክስ አርጌሻለሁ። መፅሀፉንና ቦርሳውን ይዤ እመጣለሁ።