ያማሃ ቲዋይ 175፦ ሲሊንደሩን ከማስፋቴ በፊት ምን ልመርምር?

የሱሉልታ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ያለሁት ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ነው። አጎቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከአንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ጋር በሾፌርነት ይሠራ በነበረበት ጊዜ ሰውየው በ1969 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄደ ያማሃ ቲዋይ 175 ሞተር ሳይክል አለኝ። ይህ ሞተር «ትራያል» ለሚባለው ውድድር የተሠራ ነው። በዚህ ውድድር የሚፈተነው ፍጥነት አይደለም፤ ነጂው በድንጋይ፣ በጭቃና በጅረት ላይ በዝግታ ሲያልፍ እግሩን መሬት ካስነካ የቅጣት ነጥብ ይመዘገብበታል፣ ማለፍ አቅቶት ከቀረ ደግሞ አምስት ነጥብ ይቀጣል። ከተማ አልገባበትም፤ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በፈቃድ የተገደበ ስለሆነ የምነዳው እዚሁ ሜዳውና ዳገቱ ላይ ነው።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ጎተራ ውስጥ ቆሞ ከከረመ በኋላ ባለፈው መስከረም ካርቡራተሩን አጥቤ፣ አዲስ ካንዴላ አስገብቼ ብረግጠው በአራተኛው ተነሣ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ይጠፋል፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስም የቱንም ያህል ቢረገጥ አይነሣም። ቤንዚን ከግማሽ በላይ ስሰጠው ይንተፋተፋል፣ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ጭሱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የካምቢዮ ዘይቱ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ ሳይታይ እየጎደለ መሄዱ ነው።

አንድ የቶርኖ ባለሙያ ዘንድ ወስጄው የኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ ቢያስገባበት 88 ፒኤስአይ አነበበ። «120 መሆን ነበረበት፤ ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ይስፋና ትልቅ ፒስተን ይግባበት» አለኝ። ቮላኖውም፣ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ክብ ብረት፣ ከመጠን በላይ ከባድ ስለሆነ በቶርኖ ቢቀነስ ሞተሩ እንደሚፈጥን ጨምሮ ነገረኝ። በዋጋው ተስማምተናል፤ ይሁን እንጂ የአጎቴ እጅ ያረፈበትን ብረት ለማስቆረጥ ልቤ አልቆረጠም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አሮጌ መካኒክ፣ ኮተቤ፦

ልጄ፣ ልብህ አለመቁረጡ ደግ አደረገ። ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 የሚባሉትን ያማሃዎች፣ የግብርናና የጤና ሠራተኞች በየገጠሩ የሚነዷቸውን፣ ስጠግን ዕድሜዬን ጨርሻለሁና ያንተም ሞተር የእነርሱ ዘመድ በመሆኑ የማውቀውን ልንገርህ።

በመጀመሪያ ከቁጥሩ እንነሣ። 120 የሚባለው ልክ የተነገረው በባሕር ወለል አካባቢ ለሚለካ ሞተር ነው። አንተ ያለህበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ሥሥ ከሆነ ታምቆ የሚደርስበት ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 120 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር ሱሉልታ ላይ 90 አካባቢ ቢያነብ ሊያስደነግጠን አይገባም። መለኪያው ትክክለኛውን ነግሯችኋል፤ የተሳሳተው የተመዛዘነበት ቁጥር ነው። በዚህ ስሕተት ብቻ ስንት ጤነኛ ሲሊንደር ሲሰፋ አይቼ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሲሊንደሩ በእርግጥ መበላቱን ማወቅ ከፈለግህ ፋሻውን፣ በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን የብረት ቀለበት፣ ጠይቀው። ቴስታታውን፣ ማለት የሲሊንደሩን ክዳን፣ እና ሲሊንደሩን አውጣ፤ ፋሻውን ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባና በፒስተኑ አናት እየገፋህ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ አድርገው፤ ከዚያ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በቅጠል መለኪያ፣ ውፍረታቸው በታወቀ ሥሥ ብረቶች፣ ለካ። ስፋቱ 66 ሚሊሜትር ለሆነው ለዚህ ሲሊንደር ክፍተቱ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ከሆነ መልሰህ ግጠመውና ተወው። ከዚያ እጅግ ከሰፋ ደግሞ መጀመሪያ አዲስ ፋሻ ግዛና በእርሱ ለካ፤ በአዲሱም ፋሻ ክፍተቱ ካልጠበበ ያን ጊዜ ስለ ማስፋት እንነጋገራለን። ትልልቆቹ ፒስተኖች የሚመጡት በ0.25 ሚሊሜትር እየጨመሩ ነው፤ ያለ ምክንያት የተቆረጠ አንድ ደረጃ ከሞተሩ ዕድሜ ላይ የተቆረጠ ነው።

ሲሞቅ መጥፋቱና ሲቀዘቅዝ መነሣቱ የሚያመለክተው ወደ ኮንደንሰሩ፣ ኤሌክትሪክ ወደሚያጠራቅመው ትንሽ ዕቃ፣ ነው። ኮንደንሰር ሲያረጅ ውስጡ ያለው መከላከያ ሙቀት ሲያገኘው ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። ማታ መብራት አጥፍተህ፣ ካንዴላውን አውጥተህ አካሉን ሞተሩ ላይ አስደግፈውና ሰው ይርገጥልህ፤ አንተ በቮላኖው መስኮት ወደ ፑንቲናው፣ ብልጭታ እንዲፈጠር ኤሌክትሪኩን ወደሚያገናኘውና ወደሚያቋርጠው መገናኛ፣ ተመልከት። ፑንቲናው ላይ ደማቅ ብልጭታ እየታየ ካንዴላው ላይ ያለው ቀጭንና ቢጫ ከሆነ ኮንደንሰሩ ሞቷል። መተኪያው ከባድ አይደለም፤ የድሮ ቮልስ ኮንደንሰር አቅሙ ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮፋራድ ስለሆነ ይሠራል። እኔ ሁልጊዜ የማስረው ከቮላኖው ሥር አውጥቼ፣ ከሳልቫታዮው (ከቤንዚን ታንኩ) በታች፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ በሚሰጠው ቦቢና አጠገብ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ነው። የአሮጌውን ሽቦ ቁረጥ፣ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለም ፋቅ፣ ምክንያቱም ቀለም ላይ የታሰረ ኮንደንሰር እንዳልታሰረ ይቆጠራል። ፑንቲናውንም በዚያው አጽዳና ክፍተቱን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር አድርገው። ቮላኖውን በመዶሻ ለማውጣት ፈጽሞ አትሞክር፤ በማውጫው ብቻ ይወጣል፤ ማውጫ ከሌለህ ከቶርኖ ቤት ማሠራቱ ኮሎውን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ ከማጣመም ይሻላል።

አሁን ወደ ዘይቱ። ወደ መሬት ሳይፈስ የሚጎድል የካምቢዮ ዘይት የሚሄድበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሞተሩ እየጠጣው ነው። በዚህ ሞተር ፍሪሲዮኑ ያለው በቀኝ በኩል ነው፤ በኮሎው ቀኝ ጫፍ ያለው ፓራኦሊዮ፣ ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚከላከለው የጎማ ቀለበት፣ ለዓመታት ቆሞ ከንፈሩ ሲደርቅ ፒስተኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ዘይቱን ከፍሪሲዮኑ ክፍል ይስበዋል። የምታየው ጭስ እርሱ ነው። በግራ በኩል፣ በቮላኖው ሥር ያለው ፓራኦሊዮ ሲደርቅ ግን የሚስበው አየር ነው፤ ጭስ የለውም፣ ድብልቁን አሥሥቶ ፒስተኑን የሚያጣብቀው ግን ይህኛው ነው። አንዱ ከደረቀ ሁለቱም እኩያሞች ናቸውና አብረህ ቀይራቸው።

ከመቀየርህ በፊት ለማረጋገጥ የምንጠቀምበት ዘዴ አለ፤ የሚያስፈልገው የሐኪም የደም ግፊት መለኪያ ነው፣ ፓምፑና ሰዓቱ ያለው። ጭስ ማውጫውንና ካርቡራተሩን ፍታ፤ ሁለቱንም ቀዳዳዎች ከካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማና በላሜራ ድፈን። የአሮጌ ካንዴላ ሸክላውን ሰብረህ አውጣና ባዶውን ብረት ከቱቦው ጋር አጋጥመህ በካንዴላው ቦታ እሰረው። ፒስተኑን ወደ ታች አውርደው፤ ያን ጊዜ ሲሊንደሩና የኮሎው ክፍል አንድ ቤት ይሆናሉ። ከዚያ እስከ 300 ድረስ ንፋ። ጤነኛ ሞተር ለብዙ ደቂቃ ይዞ ይቆያል። ከወረደ በቮላኖው በኩል የሳሙና ውኃ ቀባና አረፋ ፈልግ። የቀኙን የምታውቀው ደግሞ በዘይት መሙያው ነው፦ በአፉ ላይ በጣትህ የሳሙና ሥሥ ሽፋን ዘርጋበት፤ ሽፋኑ ቀስ እያለ እንደ ፊኛ ካበጠ አየሩ በቀኙ ፓራኦሊዮ አልፎ እየመጣ ነው።

ካንዴላው ጥቁር መሆኑና መንተፋተፉ በከፊል ከዚሁ ዘይት ነው፤ በከፊል ግን እንደገና ከፍታው ነው። ከፋብሪካ የመጣው ዋና ጂግለር፣ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብረት፣ ለቆላ አየር የተመረጠ በመሆኑ እዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ፓራኦሊዮውን ሳትቀይር ጂግለር አትንካ፤ በሽታውን በመድኃኒት ሸፍነህ ኋላ ፒስተን ታቃጥላለህ። ከቀየርህ በኋላ ግን ከፋብሪካው ቁጥር ወደ 10 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለውን ሞክርና የካንዴላውን ቀለም ተከታተል፤ የቡና መልክ ሲይዝ አቁም።

ቮላኖውን በተመለከተ፣ እባክህ አታስቆርጠው። ክብደቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል፣ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ የሚያሻግረው በቮላኖው ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት ነው። የቲዋይ ቤተሰብ የተሠራው ሚክ አንድሩስ ከተባለው እንግሊዛዊ ተወዳዳሪ ጋር ነበር፤ እርሱም የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ትራያል እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1975 በያማሃ አሸንፏል። እንዲህ ያለ ሰው የመረጠውን ክብደት በሱሉልታ ቶርኖ ላይ የምንቀንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ለገጣፎ ዳገት፦

የጋሼ ምክር ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ቤንዚንና ስለ ጎማ ነው። እኔ ዘንድ ያለው ቡልታኮ ሸርፓ ሲሆን ሳልቫታዮው ከፋይበር ግላስ የተሠራ ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2008 ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ ኋላም ወደ 10 በመቶ ከፍ ባለበት ዘመን ሳልቫታዮው ከውስጥ እየለሰለሰ፣ ቀለሙ እያበጠ፣ የሟሟውም ነገር እንደ ሙጫ ወርዶ ጂግለሩን ይደፍነው ነበር። ይህ የደረሰበት ሰው ካርቡራተሩን ሺህ ጊዜ ቢያጥብ አይድንም፤ ያንተ ሳልቫታዮ ፋይበር ባይሆንም የቆመ ቤንዚን ጎማውንና ቱቦውን ይጎዳልና ከሁለት ሳምንት በላይ የማትነዳው ከሆነ አራግፈው።

ዘይት ከቤንዚኑ ጋር እንዲቀላቀል ወደ ሞተሩ የሚልከውን የዘይት ፓምፕ ነገር ጋሼ አላነሡትም። ለዐሥራ አምስት ዓመት የቆመ ፓምፕ በቱቦው አየር ሊኖርበት ስለሚችል እኔ ብሆን አልታመነውም፤ ቢያንስ ለመጀመሪያው ጊዜ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ራስህ ቀላቅለው። ለአምስት ሊትር ጀሪካን 125 ሚሊ ሊትር ጥሩ የሁለት ምት ዘይት በመርፌ ስሪንጅ ለክተህ ጨምር፤ ይህም አንድ ለአርባ ማለት ነው።

ጎማው የኋላው 4.00 በ18፣ የፊቱ 2.75 በ21 መሆኑን አረጋግጥ። ትራያል በጣም በላላ ነፋስ ስለሚነዳ ካላማዳሪያው ቸርኬው ውስጥ ተንሸራቶ ቫልቩን ይበጥሰዋል፤ ጎማውን ከቸርኬው ጋር የሚያጣብቀው ቡሎን መኖሩን ሳታይ ነፋስ አትቀንስ።

አሮጌ መካኒክ፣ ኮተቤ፦

ስለ ቅልቅሉ እስማማለሁ፤ ፓምፑን ግን ነቅለህ አትጣለው። የሚሰጠው ዘይት ከቤንዚን እጀታው ጋር የተያያዘ በመሆኑ በዝግታ ስትነዳ ጥቂት፣ ስታፈጥን ብዙ ይሰጣል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ አነዳድ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። አየሩን አስወጥተህ ዘይት በቱቦው ሲመላለስ በዐይንህ እስክታይ ድረስ ቀላቅለህ ንዳ፣ ከዚያ መልሰው።

መርካቶ ዕቃ ፈላጊ፦

ፓራኦሊዮ ለማግኘት የሞተሩን ስም ጠርቶ መጠየቅ አያስፈልግም፤ «የለም» ይሉሃል። አሮጌው ፊቱ ላይ የውስጡ ስፋት፣ የውጭው ስፋትና ውፍረቱ በቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩን ይዘህ ሶማሌ ተራ ሂድ። ቤንዚን የሚችል ጎማ መሆኑን ጠይቅ። ጂግለር ስትገዛም ሚኩኒ መሆኑን ብቻ አትይ፤ ክብ ራስ ያለውና ባለ ስድስት ማዕዘኑ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የዲቲ 175 ፒስተን ስፋቱ 66 ነው ብሎ የሚያቀርብልህ ሰው ካለ፣ የፒኑን ውፍረት፣ ከፒኑ እስከ አናቱ ያለውን ቁመትና የጎኑን መስኮቶች ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠህ ሳታይ ብር አትክፈል።

የሱሉልታ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁኝን በቅደም ተከተል አደረግሁ። በጨለማ ስንረግጠው ፑንቲናው እንደ ብየዳ ሲያበራ ካንዴላው ላይ ያለው ብልጭታ ለዐይን የሚያስቸግር ነበር፤ የቮልስ ኮንደንሰር ከቦቢናው አጠገብ አስሬ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይጠፋ ሠራ። በጤና ጣቢያ የምትሠራው እኅቴ ያገለገለ የደም ግፊት መለኪያ ሰጠችኝ፤ እስከ 300 ነፍቼው ደቂቃ ሳይሞላ ወደ 140 ወረደ። በዘይት መሙያው አፍ ላይ የዘረጋሁት የሳሙና ሽፋን አብጦ አብጦ ሲፈነዳ እኅቴም አየችው። በግራው በኩልም ጥቂት አረፋ ነበር። ሁለቱንም ፓራኦሊዮዎች ቀይሬያለሁ። የፋሻው ክፍተት 0.35 ሚሊሜትር ስለሆነ ለቶርኖው ባለሙያ ደውዬ ሥራውን እንደተውሁት በአክብሮት ነግሬዋለሁ። ጭሱ ጠፍቷል፤ አሁን የቀረኝ ጂግለሩ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር፦ በጥር ወደ አዳማ ልወስደው አስቤአለሁ፤ ለሱሉልታ የመረጥሁት ጂግለር እዚያ ይሠራል?

አሮጌ መካኒክ፣ ኮተቤ፦

አዳማ ከሱሉልታ ብዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ አየሩ ይወፍራል፤ እዚህ ልክ የሆነው ጂግለር እዚያ ቤንዚን ያንሰዋል። የፋብሪካውን ጂግለር በጨርቅ ጠቅልለህ ከካቻቢቴህ ጋር ይዘህ ሂድና ከመንዳትህ በፊት ቀይር። የካርቡራተሩን መርፌም አንድ ደረጃ ከፍ አድርገህ ጀምር፤ ካንዴላው ነጭ ሆኖ ከወጣ ያን ቀን ከእንግዲህ አትንዳው፣ ደውልልኝ።