ከባለቤቴ ጋር ለምናደርገው የ14 ቀን የአውሮፓ ጉዞ ምክራችሁን እሻለሁ

ጥያቄ፦ እናት ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ የጋብቻችንን 10ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ለ14 ቀናት ወደ አውሮፓ ለመሄድ አስበናል። ልጆች ከወለድን ወዲህ ሁለታችን ብቻችንን የትም ሄደን ስለማናውቅ፣ ይህ ጉዞ በደንብ ታስቦበት እንዲሆን እንፈልጋለን። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ አብራን ስለምትቆይ ልጆቹን ለእርሷ ትተን መውጣት እንችላለን። ለወጪው ያሰብነው የዕቁብ ገንዘብ ደግሞ ግንቦት ላይ ይደርሰናል።

የያዝነው ዕቅድ ከኦገስት 8 እስከ 21 ፓሪስ 3 ሌሊት፣ ባርሴሎና 2፣ ቬኒስ 2፣ ፍሎረንስ 2፣ ሮም 3፣ በመጨረሻም ናፖሊና የአማልፊ ባሕር ዳርቻ 2 ሌሊት ማደር ነው። እኔ አብያተ ክርስቲያናትንና ሥዕሎችን ለማየት እጓጓለሁ። ባለቤቴ ግን ዓመቱን ሙሉ ሌሊት ሲሠራ ስለሚከርም ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ባሕር አጠገብ ማረፍ ነው፤ ፍላጎቱም ተገቢ ስለሆነ ለእኔ ሲል እንዲተወው አልሻም።

ልጠይቃችሁ የምፈልገው፣ ዕቅዱ ከልክ በላይ ተጨናንቋል ወይ? እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ሲኖረኝ ባለቤቴ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ስላለው፣ ቪዛ የሚጠይቀው ከየትኛው አገር ቆንስላ ነው? ወቅቱስ ይስማማል ትላላችሁ?

መልስ፦ የባቡር ወዳጅ

እህቴ፣ እንኳን ለጋብቻችሁ 10ኛ ዓመት አደረሳችሁ። ዕቅዱን ሳነብ አስቀድሜ የቆጠርኩት ሌሊቶቹን ነው። እርስዎ የመደቡት 14 ሌሊት ነው፤ በ14 ቀን ጉዞ ውስጥ ግን አልጋ ላይ የሚታደረው 12 ሌሊት ብቻ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች አብዛኛዎቹ ማታ ተነሥተው በማግሥቱ ስለሚያርፉ የመጀመሪያው ሌሊት አውሮፕላን ውስጥ ያልፋል፤ በ14ኛው ቀን ደግሞ ወደ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢሳካ እንኳ ሁለት ሌሊት የግድ መቀነስ አለበት።

ከዚህ የሚከብደው ግን የከተሞቹ ብዛት ነው። በዚህ ዕቅድ 5 ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ ትዘዋወራላችሁ። ከፓሪስ ወደ ባርሴሎና ያለው በረራ ራሱ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ነገር ግን ሻንጣ ሸክፎ ከሆቴል መውጣት፣ አውሮፕላን ማረፊያ ቀድሞ መድረስ፣ ፍተሻውን ማለፍና እንደገና ወደ መሀል ከተማ መግባት ሲጨመርበት ከግማሽ ቀን በላይ ይወስዳል። ሁለት ሌሊት ብቻ በሚታደርበት ከተማ ላይ ግማሽ ቀን ማጣት ትልቅ ኪሳራ ነው፣ ዕረፍት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ድካሙ ይብሳል።

እኔ ብሆን ፓሪስንና ባርሴሎናን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ጣሊያንን ብቻ በባቡር አያለሁ። የአውሮፕላን ቲኬቱን ወደ ቬኒስ የሚያስገባና ከሮም የሚመልስ አድርጋችሁ ግዙ፤ እንዲህ ያለው ቲኬት ብዙ ጊዜ ዋጋው ከተራው የደርሶ መልስ ቲኬት እምብዛም አይርቅም፣ የመጡበትን መንገድ መልሶ ከመሄድም ያድናል። ሌሊቶቹን ቬኒስ 2፣ ፍሎረንስ 3፣ ባሕር ዳር 3፣ ሮም 4 ብታደርጓቸው 12 ይሞላሉ። ከቬኒስ ሳንታ ሉቺያ ጣቢያ ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ለባሕሩ ከናፖሊ ይልቅ በአማልፊ አቅራቢያ ያለችውን የወደብ ከተማ ሳሌርኖን እመርጣለሁ፤ ፈጣኑ ባቡር ከፍሎረንስ ተነሥቶ እዚያው ድረስ ይሄዳል፣ የማረፊያ ዋጋውም ከአማልፊና ከፖዚታኖ የቀለለ ነው፣ ከወደቡም ወደ አማልፊ የሚሄደው ጀልባ ከ40 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ከሳሌርኖ ሮም ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የመጨረሻዎቹ ሌሊቶች ሮም መሆናቸው ደግሞ ለመመለሻው በረራ ያለ ስጋት ለመድረስ ይጠቅማል።

በፈጣን ባቡር የሚሠሩት ትሬንኢታሊያና ኢታሎ የሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ ዋጋቸው ቀደም ብሎ ለሚገዛ በጣም ይቀንሳል፣ ርካሹ ቲኬት ግን ብዙ ጊዜ አይለወጥም፣ ገንዘቡም አይመለስም። በአነስተኛዎቹ የክልል ባቡሮች በወረቀት ቲኬት የምትሄዱ ከሆነ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለው ማሽን ማስመታት ግዴታ ነው፤ ይህን ሳያደርጉ የተሳፈሩ ብዙ እንግዶች ይቀጣሉ። ለቬኒስ ደግሞ ቀላል ሻንጣ ያዙ። ድልድዮቹ ደረጃ ስላላቸው ዕቃውን በእጅ ማንሣት የግድ ነው።

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ

የቪዛውን ጉዳይ በተመለከተ፣ የሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚዘዋወሩባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ደንብ ማመልከቻው ብዙ ሌሊት ለሚታደርበት አገር እንዲቀርብ ያዛል። መጀመሪያ የሚረገጠው አገር ግምት ውስጥ የሚገባው የሌሊቶቹ ቁጥር እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን ያምታታዋል። በመጀመሪያው ዕቅድዎ ፓሪስ ብትገቡም ከ14ቱ 9 ሌሊት ጣሊያን ስለሆነ ማመልከቻው ለጣሊያን ነበር የሚቀርበው፤ ጣሊያንን ብቻ ካያችሁ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሣም።

እርስዎ በአሜሪካ ፓስፖርት በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላሉ። ባለቤትዎ ግን የአሜሪካ ዜጋ ባል መሆናቸውም ሆነ ግሪን ካርዱ ከሸንገን ቪዛ አያድናቸውም፤ በቤተሰብነት የተለየ መብት ያላቸው የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች የትዳር ጓደኞች ናቸው። ፓስፖርታቸው ከአውሮፓ ከወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ከተሰጠም 10 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ማሳደስ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ይህን ዛሬውኑ ተመልከቱ፤ የግሪን ካርዱንም ቀን አብራችሁ እዩ። ከዚህ ሌላ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና፣ የሥራና የባንክ ማስረጃ፣ የማረፊያና የበረራ ማስያዣ ያስፈልጋል። ከ2024 ጁን ጀምሮ የአዋቂ ማመልከቻ ክፍያ 90 ዩሮ ነው።

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ውሳኔው በደንቡ መሠረት በ15 ቀን ውስጥ የሚሰጥ ቢሆንም እስከ 45 ቀን ሊራዘም ይችላል፤ የቀጠሮ ወረፋው ደግሞ ለብቻው ረጅም ነው። ስለዚህ ዕቁቡ እስኪደርሳችሁ ሳትጠብቁ ቀጠሮውን ከአሁኑ ያዙ፤ ለማመልከቻው ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ማረፊያ ማስያዝ ይበቃል። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተለጥፎ በእጃችሁ እስኪገባ ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት እንዳትገዙ አደራ እላለሁ።

መልስ፦ የሮም ነዋሪ

ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ወቅቱ ነው። በኦገስት ሮምና ፍሎረንስ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚባለው ትልቁ የዕረፍት በዓል ስለሆነ ደግሞ አገሬው በሙሉ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ትናንሽ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ይዘጋሉ፣ የባሕር ዳር ማረፊያም በእጥፍ ይወደዳል። በተጨማሪም የመረጣችሁት ቀን ከጾመ ፍልሰታ ጋር ሙሉ በሙሉ ይገጥማል፤ የምትጾሙ ከሆነ ይህን አስቡበት። እንቁጣጣሽን ከልጆቻችሁና ከእናትዎ ጋር አክብራችሁ በማግሥቱ ብትነሡ አየሩ ለስላሳ ነው፣ ባሕሩም ገና እንደ ሞቀ ነው።

ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ጣሊያን ጭንቅ የለባትም። ማሪናራ የሚባለው ፒሳ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኦሬጋኖና በዘይት ብቻ ይሠራል፣ አይብ የለበትም። ደረቅ ፓስታ በቲማቲም ስጎ በየቦታው አለ፤ በእጅ የሚሠራው እርጥቡ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል ስለሚገባበት ጠይቁ። ፍሎረንስ ውስጥ ከነጭ ቦሎቄ፣ ከጎመንና ከደረቅ ዳቦ የሚሠራ ሪቦሊታ የሚባል ወፍራም ሾርባ አለ፤ አይብ እንዳይነሰንሱበት ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የአገር ምግብ ሲያምራችሁ ደግሞ ሮም ውስጥ ቴርሚኒ በሚባለው ዋናው የባቡር ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ታገኛላችሁ።

ጣቢያውን ካነሣሁ አይቀር፣ ከፊት ለፊቱ ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ፣ የተባለው በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ሠራዊት ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። የመታሰቢያ ሐውልታቸውም ከአደባባዩ ብዙ ሳይርቅ ቆሟል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ እስከ 2003 የቆመበት የፖርታ ካፔና አደባባይ ደግሞ ከኮሎሲየም በእግር የሚደረስበት፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንጻ ፊት ለፊት ያለ ቦታ ነው። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ስለ ቆመ ዛሬ እዚያ አይገኝም፤ ቢሆንም አንድ ኢትዮጵያዊ በዚያ በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ ሊያየው የሚገባ ስፍራ ነው እላለሁ።

ቲኬት አስቀድማችሁ መያዝ ያለባችሁ ለኮሎሲየም፣ ለቫቲካን ሙዚየሞች፣ ለቦርጌዜ ቤተ ሥዕልና ለፍሎረንሱ የኡፊትሲ ቤተ ሥዕል ነው። ኡፊትሲና ቦርጌዜ ሰኞ ዝግ ናቸው፤ የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ አይከፈቱም።

እናት ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለባለቤቴ አንብቤለት ጣሊያንን ብቻ ለማየት ተስማምተናል። ቅዳሜ ሴፕቴምበር 12 ተነሥተን 13 እና 14 ቬኒስ፣ ከ15 እስከ 17 ፍሎረንስ፣ ከ18 እስከ 20 ሳሌርኖ፣ ከ21 እስከ 24 ሮም አድረን ዓርብ 25 እንመለሳለን፤ ለመስቀልም ቤታችን እንደርሳለን። አሁን የቀረኝ ጥያቄ በቫቲካን ውስጥ አለ የሚባለውን የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ማየት ይቻል እንደሆነ ነው።

መልስ፦ የልጆች አያት

ልጄ፣ እኔ ስለ ከተሞቹ ሳይሆን ስለ ሁለታችሁና ስለ ቤታችሁ ልናገር። ባልሽ የደከመ ሰው ከሆነ በየቀኑ አንድ ትልቅ ነገር ብቻ፣ እሱንም ጠዋት፣ እዩና ከምሳ በኋላ ዐረፍ በሉ። አንዳንድ ጠዋት አንቺ ሙዚየም ስትሄጂ እሱ ቢተኛ ቅር አይበልሽ፤ ተለያይታችሁ አርፍዳችሁ ምሳ ላይ ስትገናኙ የምታወሩት ይበዛል። ገንዘቡንም ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩበት፤ ብዙ ባልና ሚስት ሰው አገር የሚጣሉት ሒሳብ ሲመጣ ነውና።

ከሁሉ አስቀድመሽ ደግሞ እናትሽ ልጆቹን ሐኪም ቤት ለማሳከም ፈቃድ እንዳላት የሚገልጽ፣ በኖታሪ ፊት የተፈረመ ደብዳቤና የኢንሹራንስ ካርዳቸውን ቅጂ ተዪላት። እንግሊዝኛ የሚከብዳት ከሆነ አንድ ጎረቤት ስልኩን አንሥቶ እንዲረዳት አሁኑኑ ተነጋገሪ። ልጆቹ ለትምህርት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲነሡ ጣሊያን ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት በየቀኑ ብትደውይላቸው አንቺም እነሱም ትረጋጋላችሁ።

መልስ፦ የሮም ነዋሪ

የጠየቁት ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘአቢሲኒያ ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ በቫቲካን ክልል ውስጥ ሲገኝ፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ አገልግሏል። በ1548 እና በ1549 አዲስ ኪዳንን በግእዝ ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩትም እዚያ ነው። እንደ ሙዚየሞቹ ቲኬት ተገዝቶ የሚገባበት አይደለም፤ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ በዚያው በቫቲካን ውስጥ ላለው የኢትዮጵያ ኮሌጅ አስቀድማችሁ ብትጽፉ ይሻላል። ምላሽ ካላገኛችሁ የቫቲካንን የአትክልት ስፍራ በአስጎብኚ የሚያሳየውን ጉብኝት ያዙ።

በቀኖቹ ላይ አንድ ለውጥ ልጠቁም። ሴፕቴምበር 21 የሳሌርኖ ጠባቂ የወንጌላዊው የቅዱስ ማቴዎስ በዓል ነው፤ ዐፅሙ በከተማው ካቴድራል ምድር ቤት እንዳረፈ ስለሚታመን በዚያ ቀን ምስሉን ተሸክመው ከተማውን በሙሉ ይዞራሉ። እናንተ በዚያው ቀን ወደ ሮም ልትሄዱ ነው ያሰባችሁት። ከሮም አንድ ሌሊት ቀንሳችሁ ለሳሌርኖ ብትሰጡት ባለቤትዎ አንድ ቀን ባሕር ዳር ይጨምራሉ፣ እርስዎም ዑደቱን ያያሉ። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ግን ማረፊያውን ከሌሎቹ ሁሉ ቀድማችሁ ያዙ።