ሱቁን ልጠብቅ ወይስ ጭቃዬን? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሸክላ ሠሪ ነኝ። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ከከፈትኩ 8 ወሬ ነው። ከፊት እሸጣለሁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እሠራለሁ። ስጀምረው አሪፍ ሐሳብ ነበር። አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

ባለፈው ወር 12 ኩባያዎች ላይ እጀታ እየለጠፍኩ ነበር። ይሄ ሥራ ፋታ አይሰጥም። ጭቃው ጠንከር ብሎ፣ እርጥበቱ ግን ሳያልቅ መለጠፍ አለበት። ደንበኛ መጣች። እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ዕቃውን አንድ በአንድ አየች፣ ዋጋ ጠየቀች፣ ሳትገዛ ሄደች። አልፈርድባትም፣ ማየት መብቷ ነው። ስመለስ ግን ጭቃው ደርቋል። እንደምንም ለጠፍኩት። ከምድጃ ሲወጡ 7ቱ እጀታው ሥር ተሰንጥቀዋል። አለቀስኩ።

ዋጋውም ሌላ ጣጣ ነው። "መርካቶ በግማሹ አገኛለሁ" ይሉኛል። የእኔ ኩባያ ሁለት ጊዜ ነው የሚቃጠለው፤ መጀመሪያ 1,000 ዲግሪ ገደማ፣ ግሌዝ (የሚያብረቀርቀው ሽፋን) ከተቀባ በኋላ ደግሞ ከ1,200 በላይ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ የስንት ቀን ልፋት ሊበላሽ ይችላል። ይህን ለገዢ እንዴት ላስረዳ?

ሰው ልቅጠር ብል ከኪራዩ ጋር አልችለውም። እህቴ "በሳምንት 3 ቀን ብቻ ክፈቺ" ትለኛለች። ግን ዝግ ሆኖ ያገኘው ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል?

የእጅ ሥራ እየሠራችሁ ራሳችሁ የምትሸጡ፣ ሰዓታችሁን እንዴት ነው የምትከፋፍሉት? "ሥራ ላይ ነኝ፣ ትንሽ ጠብቁኝ" ማለትስ ደንበኛ ያስቀይማል? የሞከራችሁትን ንገሩኝ፣ በጉጉት እጠብቃለሁ።