ተንጠልጣይ ድልድይ ከየት ተጀምሮ ይሠራል?

ጥያቄ (ከማራኪ)
በጎንደር የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። በአካባቢያችን በአፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠሩ የሚነገርላቸው የድንጋይ ድልድዮች አሠራር ይገባኛል፤ ቅስቱ እስኪገጥም ድረስ ከሥር በእንጨት ይደገፋል። ጥልቅ ባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ ድጋፍ ማቆም አይቻልም። ታዲያ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ ተንጠልጣይ ድልድይ ሥራው በምን ይጀመራል? ያን የሚያህል ኬብልስ በምን ይነሣል?

መልስ (ከአዘዞ)
ወንድሜ፣ ኬብሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አይነሣም፤ እዚያው አየር ላይ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ሁለቱ ማማዎችና ኬብሉን ከዳርና ከዳር የሚይዙት ግዙፍ የኮንክሪት መያዣዎች ይገነባሉ፤ ከዚያ አንድ ቀጭን ገመድ ይሻገራል። በጃፓኑ አካሺ ካይክዮ ድልድይ ይህን ገመድ ያሻገረው ሄሊኮፕተር ነበር። እሱን ተከትለው ወፈር ያሉ ገመዶችና የሠራተኞች መተላለፊያ ይዘረጋሉ፣ ቀጥሎም ሽቦው ይመጣል፤ በሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት አንዱ ኬብል ብቻ 27,572 ሽቦዎች አሉት። ወለሉ የሚንጠለጠለው በመጨረሻ ነው። እያንዳንዱ የወለል ክፍል ሲሰቀል የኬብሉ ቅርጽ ስለሚለወጥ፣ የአሰቃቀሉ ቅደም ተከተል አስቀድሞ በስሌት መወሰን አለበት፤ እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ነው።

መልስ (ከፒያሳ)
በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። እ.ኤ.አ. በጥር 1995 የኮቤ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ አካሺ ላይ ማማዎቹና ኬብሎቹ ቆመው ነበር፣ ወለሉ ግን ገና አልተሰቀለም። በማማዎቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር ያህል ሰፍቶ 1,991 ሜትር ሆነ፤ ወለሉ አለመሰቀሉም ንድፉን ከአዲሱ ልክ ጋር ለማስማማት ዕድል ሰጠ።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በዓባይ በረሃ ያለው አዲሱ ድልድይም ማማና ኬብል አለው፤ እሱስ ተንጠልጣይ ይባላል?

መልስ (ከአዘዞ)
አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀው ያ ድልድይ ርዝመቱ 303 ሜትር ሲሆን፣ ኬብሎቹ ከማማው በቀጥታ ወርደው ወለሉን ስለሚይዙ ዳርና ዳር ግዙፍ መያዣ አላስፈለገውም። በተንጠልጣይ ድልድይ ግን የኬብሉ እርግበት (መሐሉ ከማማዎቹ ጫፍ ወደ ታች የሚወርድበት ልክ) በማማዎቹ መካከል ካለው ርቀት አንድ አሥረኛ ቢሆንና ክብደቱ እኩል ተሰራጭቶ ቢታሰብ፣ ኬብሎቹ በአግድም የሚስቡት ኃይል በማማዎቹ መካከል ከተንጠለጠለው ጠቅላላ ክብደት 1.25 እጥፍ ይሆናል። ስሌቱን በወረቀት ሞክረው፤ መያዣዎቹ ያን ያህል የገዘፉበትን ምክንያት ራስህ ታገኘዋለህ።