ለ9 ዓመት ልጅ የጊዜ ጉዞ ተረት እየጻፍኩ ነው፤ የአያቷን ሕመምና የቤታችንን ምስጢር እንዴት ላስገባው?

ጠያቂ (አራት ኪሎ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የመርሳት በሽታ ከያዛት ሁለት ዓመት አልፏል። እቤት ግን በሽታው በስሙ አይጠራም፤ የእህቴ ልጅ ስትጠይቅ «ደክሟት ነው» ይሏታል። እማዬ ደግሞ ልጅቷን «ብርቄ» ትላታለች፣ ግንባሯን እየዳበሰች «ትኩሳቱ ለቀቀሽ?» ትላታለች። ብርቄ ማን እንደሆነች እኔም የሰማሁት ባለፈው ወር ነው፣ ያውም ከጎረቤት። የእማዬ ታናሽ እህት ናት። በ1953 የታኅሣሥ ግርግር (በንጉሡ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት) ጊዜ ኩፍኝ ይዟት፣ በተኩሱ ምክንያት ሐኪም ቤት የሚወስዳት ጠፍቶ ሞተች። አጠገቧ የነበረችው እማዬ ናት፣ የ9 ዓመት ልጅ። ከዚያ በኋላ ማንም አንስቶት አያውቅም።

በተረቱ ውስጥ ልጅቷ ስልኳ ላይ 1953 ብላ ትጽፍና አያቷን ልጅ ሆና ታገኛታለች። የያኔውን ሰፈር እንዴት ልሳለው? በሽታውንስ ምን ልበለው? ብርቄን ታድናት ወይስ አታድናት?

የአራዳ ልጅ፦
ስልኩን ተጠንቀቂ! በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ 1953 ብላ የምትደርሰው በእኛ 1945 ነው፣ እናትሽ ገና ዳዴ ትላለች ሃሃ። ግን እንዳታርሚው፣ አሪፍ ምዕራፍ ይወጣዋል። በሁለተኛው ሙከራ 1960 ትጻፍ፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ስልኳ 9 ሰዓት ሲል የእናትሽ የግድግዳ ሰዓት 3 ማለቱንም ተጠቀሚበት። ገንዘብም አለ። ባለ 200 ብር ኖት የወጣው በ2013 ነው፤ ባለሱቁ የንጉሡን ምስል ሲያጣበት ፖሊስ ይጠራባታል። የዚያን ጊዜ ስሙኒ ይዛ ትሂድ።

ጡረተኛ መምህር፦
ልጄ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሡ ብራዚል ሳሉ እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ባለሥልጣናቱን ያገቱት እዚያ ነው። በዓመቱ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ዛሬ ውስጡ ሙዚየም ስላለ ይዘሻት ሂጂ፣ በዓይኗ ትየው። የታጋቾቹን ግድያ ግን ለዚህች ልጅ አትዘርዝሪላት። ተኩሱን በድምፅ ብቻ አሰሚያት። እኛም ያኔ አልጋ ሥር ሆነን ድምፁን ነው የሰማነው።

ነርሷ፦
በስሙ ጥሪው። የመርሳት በሽታ ነው፣ አይተላለፍም፣ በአንቺ ጥፋት የመጣ አይደለም በያት። ይሄ በሽታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወስደው የቅርቡን ነው፣ የልጅነቱ ይቆያል። እናትሽ ቁርሳቸውን ረስተው ብርቄን የሚያስታውሱት ለዚያ ነው። «ብርቄ አይደለሁም» ብላ አትከራከራቸው። ትኩሳቱን ሲጠይቋት «ለቀቀኝ» ብትላቸው ምን ይጎዳል?

ማዳኑን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አላድናትም። የኩፍኝ ክትባት የተፈቀደው በፈረንጆች 1963 ነው፣ ያኔ አልነበረም። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት ዛሬም የለም፤ ፈሳሽ፣ ቫይታሚን ኤ፣ ተጨማሪ ነገር ሲመጣ እሱን ማከም ነው። የ9 ዓመት ልጅ ምን ልታደርግ ትችል ነበር? የእህትሽ ልጅ እዚያ ሄዳ ይሄንኑ ለትንሿ አያቷ ትንገራት፤ ለእኔ ጉዞው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሚሚ ፒያሳ፦
እኔ ደሞ ልቆጣሽ ነው። እህትሽ ታውቃለች? የሰው ቤት ሐዘን በጎረቤት ወሬ ብቻ አይጻፍም፣ መጀመሪያ ጠይቂያት። ካልሆነ ስሟን ቀይሪ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ሚሚ፣ ልክ ነሽ። ትናንት ማታ ለእህቴ ነገርኳት። ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ በመጨረሻ «ስሟን እንዳትቀይሪው» አለችኝ። ለልጅቷም በሽታውን ነገርናት። ዛሬ ጠዋት እማዬ እንደለመደችው «ትኩሳቱ ለቀቀሽ?» ስትላት «ለቀቀኝ» አለቻት። እማዬ የራሷን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። የዳዴውን ምዕራፍ ጀምሬያለሁ።